አዲሱ ሼፕ ዲዛየር አምስት ሰው ይዞ ሐረጎን ይወጣል?

«ጋሼ፣ አሰላሙ አለይኩም። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። የምንኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ተከራይተን ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ። ባለቤቴ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፤ በየቀኑ በሚኒባስ ይመላለሳል። የ10 ዓመት ሴትና የ3 ዓመት ወንድ ልጅ አለን። የባለቤቴ እናትም አብረውን ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እንደምንም ብለን ለመኪና የሚሆን ብር አጠራቅመናል። ባለቤቴ አዲሱን ሼፕ ዲዛየር አይቶ ልቡ ሸፍቷል። ‹ድሮ ጅራቱ የተቆረጠ ይመስል ነበር፣ አሁን ሙሉ መኪና ሆኗል› ይላል። ለእኔ እንዲመቸኝ ብሎ ደግሞ ኦቶማቲኩን ካልገዛን ይላል፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ቆይቻለሁ፣ ነድቼ ግን አላውቅም። ወንድሙ በበኩሉ በዚህ ዘመን የነዳጅ መኪና መግዛት ብር ማቃጠል ነው፣ ኤሌክትሪክ ግዙ ባይ ነው። የመብራት ቆጣሪያችን ከአከራያችን ጋር የጋራ ነው። ለአረፋ ሐይቅ ዘመድ ጥየቃ እንሄዳለን፤ በዓመት አንዴ ሁለቴ አዲስ አበባ እንደርሳለን። እኔ ስለ መኪና አላውቅም፤ ብቻ ያ ሁሉ ብር ለመልክ ብሎ እንዳይወጣ ፈራሁ። ምን ይሉኛል?»
ከደሴ

ወአለይኩም ሰላም እህቴ። አብሽሪ፣ ስለ መኪና አላውቅም ያልሽው ትሕትና ነው እንጂ ፍርሃትሽስ የአዋቂ ፍርሃት ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። «አዲሱ ሼፕ» የደላላ ቃል ነው። ሱዙኪ ዲዛየር እስካሁን በአራት መልክ ወጥቷል። ዓመቱን በፈረንጅ ልንገርሽ፤ 2008፣ 2012፣ 2017 እና 2024 መጨረሻ ላይ። አገራችን በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለከለከለች፣ እዚህ ገበያ ላይ «አዲሱ» እየተባለ የሚዞረው አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጅ 2017 የወጣው ሼፕ ነው። ይህን የምልሽ ለታሪክ ብዬ አይደለም። የመጨረሻው፣ የ2024ቱ፣ በግሎባል ኤንካፕ የግጭት ሙከራ ለአዋቂ ተሳፋሪ ጥበቃ አምስት ኮከብ አግኝቷል። ደላላው ያንን ቪዲዮ በስልኩ ከፍቶ «ይኸው፣ አምስት ኮከብ» ቢልሽ፣ ያ ኮከብ የሌላ መኪና ነው በይው። ሞተሩም ሌላ ነው፤ የ2024ቱ ባለ ሦስት ሲሊንደር፣ የ2017ቱ ባለ አራት። ከዚህ በኋላ የማወራሽ ስለ 2017ቱ ነው።

ባለቤትሽ ስለ ጅራቱ ያለው ልክ ነው። መኪናው የሚሠራው ህንድ ነው። እዚያ ርዝመቱ ከ4 ሜትር በታች ለሆነና ትንሽ ሞተር ላለው መኪና ቀረጡ ዝቅ ይላል። የመጀመሪያው ዲዛየር ከ4 ሜትር ያልፍ ነበር። በ2012 ከቀረጡ ለማምለጥ ኋላውን ቆረጡትና ያ ዐይን የማይሞላ ቅርጽ መጣ። በ2017 ርዝመቱን ሳይነኩ፣ ያው 3995 ሚሊ ሜትር እንደሆነ፣ ከሥር ጀምረው እንደ አዲስ ሠሩት። ስለዚህ ለውጡ የቀለምና የመብራት ብቻ አይደለም። በወርድ 40 ሚሊ ሜትር ሰፍቷል። በፊትና በኋላ ጎማ መሃል ያለው ርቀት 20 ሚሊ ሜትር ጨምሯል፤ ይህ በቀጥታ የኋላ ተሳፋሪ ጉልበት ጋ ይደርሳል። የኋላ ኮፈኑ ከ316 ወደ 378 ሊትር አድጓል። አንድ ጆንያ ጤፍና የልጆቹን ሻንጣ ይችላል። ብቻ ጆንያው ሲገባ ከፍ ተደርጎ የኋላውን ከንፈር መሻገር አለበት፤ ሁለት ሰው ይፈልጋል።

በአንጻሩ ሁለት ነገር ቀንሷል። መኪናው በቁመት 40 ሚሊ ሜትር አጥሯል፣ ወንበሩም አብሮ ዝቅ ብሏል። ከመሬት ያለው ከፍታ ደግሞ ከ170 ወደ 163 ሚሊ ሜትር ወርዷል። ለወጣት ይህ ቁም ነገር ላይሆን ይችላል። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ግን ሁለት ጣት የሚሞላ ዝቅታ ቁም ነገር ነው።

ለዚህ ነው ሁሉንም ነገር ከእማማ የምጀምረው። መኪናውን ስታዩ እሳቸውን ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ። እንዴት እንደሚገቡ ልብ በይ። ጉልበቱ የሚያመው ሰው እግሩን አስቀድሞ አይገባም። ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል፣ ከዚያ ዞሮ እግሮቹን አንድ በአንድ ያስገባል። ስለዚህ የሚታየው በሩ ምን ያህል ይከፈታል፣ ሲቀመጡ ጭንቅላታቸው የበሩን ጣሪያ ይነካል ወይ የሚለው ነው። መግባቱ እንኳ ይቀላል፤ ፈተናው መውጣቱ ነው። ከዝቅተኛ ወንበር የሚነሳ ሰው የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። በተለይ የኋላ በሩ ጠበብ ይላልና ሁለቱንም ቦታ ያስሞክሯቸው። ውጤቱን ከአሁኑ ብነግርሽ፣ እማማ ገቢና ነው የሚመቻቸው። ወንበሩ ወደ ኋላ ይሳብላቸዋል። በወሎ ወግም ቦታቸው እዚያው ነው።

እንግዲህ አንቺ ከኋላ መሃል ልትሆኚ ነው። አትቀየሚኝ፣ ምክንያት አለኝ። የመሃሉ ቀበቶ ወገብ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ደረት አይይዝም። ልጆቹ የትከሻ ቀበቶ ያለበት ዳርና ዳር ይቀመጡ። ትንሹ የልጅ ወንበር ያስፈልገዋል፤ በ2017ቱ ሼፕ መቀመጫውና የጀርባ መደገፊያው በሚገናኙበት ስንጥቅ ውስጥ ወንበሩ የሚቆለፍባቸው የብረት ቀለበቶች አሉ፣ ጣትሽን አስገብተሽ ፈልጊያቸው። «እቅፍ አድርጌው እሄዳለሁ» የሚባለውን ነገር ተይው። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ድንገት የቆመ መኪና ውስጥ የ14 ኪሎ ልጅ በክንድ አይያዝም፤ እናትም ብትሆኚ። የልጁ ወንበር ሲታሰር የሚቀርሽን ቦታ ቤት ሆነሽ ልትገምቺው አትችዪም፤ ተቀምጠሽ እይው። ለአረፋ ሐይቅ ድረስ ያስኬዳል። አዲስ አበባ ድረስ ግን ደብረ ሲና ላይ ወርደሽ እግርሽን ማፍታታትሽ አይቀርም።

አሁን ወደ ሐረጎ፣ በደሴና በኮምቦልቻ መሃል ወዳለው ዳገት። የጥያቄሽ አስኳል እዚህ ጋ ይመስለኛል፤ ባለቤትሽ በየቀኑ የሚወርደውና የሚወጣው እሱን ነውና።

የዲዛየር 1.2 ሊትር ሞተር በወረቀት ላይ 83 የፈረስ ጉልበት አለው። ያ ቁጥር የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ሞተር ቤንዚን ብቻ አይደለም የሚያቃጥለው፣ አየርም ይፈልጋል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። ቱርቦ፣ ማለትም አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ 10 ከመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ስለዚህ ደሴ በር ላይ የቆመው ዲዛየር 83 ሳይሆን 62 ወይም 65 የፈረስ ጉልበት ይዞ ነው የቆመው። ሩቡን ደጋው በልቶታል። ይህ የዲዛየር ጥፋት አይደለም፤ ያሪስም ቪትዝም እኩል ያጣሉ።

ጭነቱን ደግሞ አስቢው። መኪናው ባዶውን 900 ኪሎ ገደማ ነው። ሦስት ትልልቅ ሰው፣ ሁለት ልጅ፣ አንድ ጆንያና ጥቂት ዕቃ ስትደምሪ ከ300 ኪሎ ያልፋል። የራሱን ሲሶ ተሸክሞ ነው ዳገት የሚወጣው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ትወጫለሽ። ይወጣል ወይ? ይወጣል። አንዳንዶች ዲዛየር ዳገት አይችልም ሲሉ እሰማለሁ፤ ውሸት ነው። ቀላል መኪና መሆኑ በጣም ይረዳዋል። የሚወጣው ግን በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እየጮኸ ነው። ከፊትሽ የተጫነ ሲኖትራክ እየተንፏቀቀ ሲወጣ «ልለፈው» የሚል ሐሳብ ቢመጣ፣ ያ ሐሳብ ለሌላ መኪና ነው። ኩርባውን ጠብቆ፣ ታግሶ ከኋላ መሄድ ነው። ባለቤትሽ ብቻውን ሲሆን ይህ ሁሉ አያስጨንቀውም፤ ብቻውን የሚሄድባቸው ቀናት ደግሞ ይበዛሉ።

እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ቁልቁለቱ ነው። ጠዋት ሁሉም ሰው ፋብሪካ ሰዓት ይደርስብኛል ብሎ ይቸኩላል። ፍሬን ላይ ተቀምጦ የሚወርድ ሾፌር፣ ግማሽ መንገድ ላይ የተቃጠለ ሸራ ይሸተዋል። በወጣበት ማርሽ መውረድ የድሮ ሾፌሮች ሕግ ነው፤ ለዲዛየርም ይሠራል። ክረምት ላይ ደግሞ ጉሙ አለ። የፊት መስታወቱን ጉም የሚያጠፋው ማራገቢያ በደንብ መንፋቱን ሳታረጋግጪ መኪና አትግዢ። ከኤሲው ይበልጥ ለደሴ ሰው የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ኦቶማቲክ ወይስ ማንዋል? እዚህ ጋ ከባለቤትሽ ጋር አልስማማም። የዲዛየር «ኦቶማቲክ» እናንተ የምታስቡት ዓይነት አይደለም። ኤጂኤስ ይባላል። ውስጡ ያው ማንዋል ካምቢዮ ነው፣ ፍሪሲዮንም አለው። ልዩነቱ ፍሪሲዮኑን የሚረግጠውና ማርሹን የሚቀይረው ኮምፒውተር መሆኑ ነው። ሜዳ ላይ ደህና ነው። ዳገት ላይ ማርሽ ሲቀይር ትንሽ ይቆማል፣ ይነቀንቃል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ዳገት ላይ ቆመሽ ፍሬን ስትለቂ ወደ ኋላ ሊንሸራተት ይችላል። አንዳንዱ ለጥቂት ሰከንድ የሚይዝ መቆጣጠሪያ አለው፣ አንዳንዱ የለውም። ብዙ ሰው እንዳይንሸራተት ብሎ ነዳጅ እየሰጠ መኪናውን ዳገት ላይ ያቆመዋል፤ ፍሪሲዮኑን የሚጨርሰው ይኸው ልማድ ነው። ደሴ ውስጥ ዳገት የሌለበት ሰፈር ፈልግ ብትዪኝ ይቸግረኛል።

ሌላም አለ። የማንዋል ፍሪሲዮን ሲያልቅ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ያለ ማንኛውም ጋራዥ ይቀይረዋል። የኤጂኤሱ ኮምፒውተር ሲያኮርፍ ግን መኪናሽ በጭነት መኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ሊሄድ ይችላል። ማንዋል ግዙ። አንቺም ትለምጂዋለሽ። ኮምቦልቻ ሜዳ ነው፤ እሁድ እሁድ እዚያ ጀምሪ። ማርሽ እጅሽ ውስጥ ሲገባ የእጅ ፍሬን ስቦ፣ ፍሪሲዮን እስኪይዝ ጠብቆ፣ ከዚያ መልቀቅን ተማሪ። ያንን የቻለች ሴት ደሴ ውስጥ የትም ትነዳለች። ከባል መማር ግን ጠብ ያመጣል፤ ሌላ ሰው ያስተምርሽ።

የወንድሙ ሐሳብ የሚናቅ አይደለም። እንዲያውም ስለ ሐረጎ ብቻ ቢሆን ልክ እሱ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ኮምቦልቻ ያለውን ጉልበት ደሴም አይቀንሰውም። ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየያዘ ለባትሪው ኃይል ይመልሳል፣ የፍሬን ሸራም ይተርፋል። የቀኑ ደርሶ መልስ 50 ኪሎ ሜትር ነው። ለዚያ 8 ወይም 10 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃል፤ ከተራ ሶኬት ሌሊት አራት አምስት ሰዓት ቢሰካ ይሞላል።

ችግሩ የእናንተ ግቢ ነው። ቆጣሪው የጋራ ነው ብለሻል። የመብራት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ላይ የሚከፈለውም ከፍ ይላል። አከራይሽ ደግ ሰው ቢሆኑ እንኳ ሁለተኛው ወር ላይ ሒሳብ መነሳቱ አይቀርም። አከራይ ቤቱን እፈልገዋለሁ ካለ ደግሞ ቻርጅ ማድረጊያችሁም አብሮ ሄደ ማለት ነው። አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው። መሃሉ ላይ ጣርማ በር አለ፤ ከሸዋ ሮቢት ሜዳ ተነስተሽ ከፍታው ከ3000 ሜትር በላይ ወደሆነ ቦታ ትወጫለሽ፣ ዳገቱም ባትሪውን ይጠጣዋል። የራሳችሁ ግቢና የራሳችሁ ቆጣሪ ያላችሁ ቀን ግን የመጀመሪያው ምክሬ ኤሌክትሪክ ነው። ለዛሬ አይሆንም።

ነዳጁን ባጭሩ፦ ህንዶቹ ሲፈትኑት በሊትር 22 ኪሎ ሜትር ሄዷል ይላሉ። ሐረጎ ያንን አይሰጥሽም። ግን ታንከሩ 37 ሊትር ስለሚይዝ፣ በሊትር 11 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሄድ እንኳ ከደሴ አዲስ አበባ በአንድ ሙሌት ያደርሳል። ከዚያ የተሻለ ይሄዳል፤ ስለዚህ በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባሽ።

ወደ መግዛቱ ስትመጡ አንድ ትልቅ ጥንቃቄ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ዲዛየር የራይድ ሥራ መኪና ነው። «የቤት መኪና ናት፣ ሴት ናት የምትነዳት» እየተባለ የሚሸጠው ብዙው ቀንና ሌሊት ሰው ሲያመላልስ የኖረ ነው። በራይድ መሥራቱ ብቻውን ነውር አይደለም፤ መደበቁ ነው ነውሩ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አትመኚው፣ ይመለሳል። የፍሪሲዮን መርገጫውን ጎማ እዪ፤ 60 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ የሄደ መኪና መርገጫው ልሙጥ አይሆንም። የሾፌሩን ወንበር የበር በኩል ጠርዝ ዳብሺ። ሰው ሲገባና ሲወጣ የሚታሸው እሱ ነው። ዳሽቦርዱና መስታወቱ ላይ የስልክ መያዣ የተለጠፈበት ክብ ምልክት ካለ ገባሽ ማለት ነው። ሊብሬው ላይ መኪናው በምን አገልግሎት እንደተመዘገበ አንብቡ፤ የሻንሲ ቁጥሩን ከመኪናው ጋር ራሳችሁ አስተያዩ።

የሞተሩን የውስጥ ክፍሎች አስተባብሮ የሚያዞረው ሰንሰለት ነው፤ አንዳንድ ሞተር ላይ እንዳለው የጎማ ቀበቶ በየጊዜው አይቀየርም። ሰንሰለቱን የሚገድለው ዘይት ሳይቀየር መቆየቱ ነው። ስለዚህ ጠዋት በቅዝቃዜው፣ ሻጩ አስቀድሞ ሳያሞቀው አስነሱት። ሲነሳ ከፊት በኩል የሚንቀጫቀጭ ድምፅ ሰምታችሁ ቶሎ ካልጠፋ ተዉት። ቁልፉ ሲዞር የኤቢኤስና የኤርባግ መብራቶች መብራት፣ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለባቸው። ሳይጠፉ ከቀሩ ችግር አለ። ጭራሽ ካልበሩ ግን ይብሳል፤ አንድ ሰው ብልሽቱን ለመደበቅ አምፖሉን ነቅሎታል። ብዙ ገዢ ይህን አያይም፣ መብራት አለመኖሩን እንደ ጤና ይቆጥረዋል።

የምትገዙት አዲስ አበባ ከሆነ፣ ከዚያ አምስት ሆናችሁ ተሳፈሩና ከሽሮ ሜዳ እንጦጦን ውጡ። ከሐረጎ በከፍታ ይበልጣል እንጂ አያንስም። የሙቀት መርፌው መሃል ላይ መቆየት አለበት። አናቱ ላይ ስትደርሱ ኮፈኑን ክፈቱና አሽትቱ። የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ አንዴ የሸተተው ሰው አይረሳውም። ስትወርዱ መሪው ከተንቀጠቀጠ የፍሬን ዲስኩ ተጣሟል ማለት ነው፤ ዋጋ አስቀንሱበት። ሻጩ «እንጦጦ ድረስ ምን አደከማችሁ» ካለ፣ ደህና ዋሉ ብላችሁ ኑ።

ደሴ ስትገቡ ከሞተሩ ሥር ጠንካራ ላሜራ አስገጥሙ። አምስት ሰው ሲሳፈር ያ 163 ሚሊ ሜትር ይቀንሳል። ሐይቅ ድረስ አስፋልት ነው፣ ከዚያ ወደ ገጠር የሚያስገባውን ኮረኮንች ግን በባጃጅ ጨርሱት። ዘመዶቻችሁ «እስከ በሩ ድረስ ይገባል» ይሏችኋል። ዘመድ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚለው።

እንግዲህ ፍርዴ፦ ማንዋል፣ የ2017ቱ ሼፕ፣ በራይድ ያልደከመ፣ እማማ ገብተው የወጡበት ዲዛየር ለእናንተ ኑሮ ይበቃል። መልኩ ባለቤትሽን ደስ ካሰኘው ምርቃት ነው። እማማ ገቢናው ላይ እንኳ መነሳት ካቃታቸው ግን ዲዛየርን ተዉትና ወንበሩ ከፍ ያለ መኪና ፈልጉ፤ በዚያው ብር ዓመቱ ትንሽ የቆየ ታገኛላችሁ። ሁለት ሦስት መኪና ለይታችሁ ስታበቁ የተሠሩበትን ዓመትና የሊብሬውን ፎቶ ላኪልኝ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ቢሆን ይሻላል።